የደሴዋ ኦፓል ሱቅ፦ ድንጋዩ ሸጋ ነው፣ መብራቱን ግን አትመኑ

ኦፓል፣ ሲያዘነብሉት ቀለሙ ሚቀያየረውን የጌጥ ድንጋይ፣ ምትሸጥ ሱቅ ገብቼ ነበር፣ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ። የቀነስኳት አንዷ ኮከብ ድንጋዩን አትመለከትም፣ ድንጋዩ ሸጋ ነው ወላሂ፣ የቀነስኩት በመብራቱ እና ጠረጴዛው ላይ ባለው የውሃ ብርጭቆ ምክንያት ነው። የሱቋን ስም አልጽፍም፣ ቅሬታ ስላለኝ በሰው እንጀራ መግባት አልፈልግም፣ ደግሞ ምላችሁ ነገር ደሴም ግዙ ኮምቦልቻም ግዙ ላሊበላ ቱሪስት ሚያልፍበት መንገድ ላይም ግዙ ያው ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነች፣ ይሄን ያህል ይበቃል።

ሱቋ ጠባብ ናት። ከፊት አንድ የመስታወት ሳጥን፣ ውስጡ ጥቁር ቬልቬት ላይ የተደረደሩ የተሞረዱ ድንጋዮች፣ ከላይ አንዲት ትንሽ ግን ዓይን ምትወጋ ኤልኢዲ መብራት፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አንድ የደላንታ ልጅ ማሽን ላይ ቁጭ ብሎ ይሞርዳል። ባለቤቷ እናት ናቸው፣ ቡና ሳይጠጡ ዋጋ ማይጠሩ ዓይነት፣ ገና ከመግባቴ «አብሽር ልጄ ቁጭ በል፣ ማየት ገንዘብ አይከፈልበትም» አሉኝ። መስተንግዶ ላይ 5 ከ5፣ ስለሱ ክርክር የለም።

የኦፓሉ አገር ደላንታ ነው፣ ከደሴ በኩታበር በኩል ወደ ወገል ጤና ስትሄዱ። እዛ የተገኘው በፈረንጆቹ 2008 ነው፣ ከዚህ በኋላ ምጠራቸው ዓመቶችም የፈረንጆቹ ናቸው። ከዛ በፊት በ1990ዎቹ ሸዋ መዘዞ ላይ ቡናማ ኦፓል ወጥቶ ነበር፣ ያኛው መሰንጠቅ ያበዛል ተብሎ ስሙ ስላልቀና ዓለም ዞር ብሎ ያየን የወሎው ሲመጣ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ተጋግሮ ድንጋይ ሆነ፣ በዛ ድንጋይ መሃል ያለች ቀጭን ንጣፍ አለች፣ ኦፓሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው፣ ንጣፏ ደሞ ብቅ ምትለው ገደሉ ወገብ ላይ ስለሆነ ልጆቹ ገደል ላይ ዋሻ እየቆፈሩ ነው ሚያወጡት፣ ዋሻው እየተደረመሰ ሚበላው ሰው አለ። ዋጋ ስትከራከሩ ይሄን አስቡት።

አሁን ወደ ድንጋዩ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ነው የተማርኩት፣ እንጀራዬ አሁን ሌላ ነው ግን በሽታው አልለቀቀኝም፣ እና ለእህቴ የቀለበት ድንጋይ ልግዛ ብዬ ገብቼ የጣት ጥፍር ምታክል ሞላላ ድንጋይ እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ መጀመሪያ ያረኩት ዋጋ መጠየቅ ሳይሆን ማዘንበል ነበር። ቀጥ አርጌ ሳያት መሃሏ ላይ ብርቱካናማ ቀይ ነበልባል አለ። ትንሽ ሳዘነብላት ያው ቦታ ቢጫ ሆነ፣ ከዛ ሳር አረንጓዴ፣ ጭራሽ ሳጋድማት ሰማያዊ ነገር አሳይታ ጠፋች። ከጎኗ የነበረ ጨለማ የመሰለ ቦታ ደሞ በዛው ቅጽበት በአረንጓዴ በራ። ከቀጥታው እያራቃችሁ ስታዘነብሉት ቀለሙ በዚህ ቅደም ተከተል ነው ሚሸሸው፣ ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ቀይ ሚመለሰው ወደ ቀጥታው ስትመልሱት ነው። ይሄን ያዙልኝ በኋላ ይጠቅመናል።

ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር ኦፓል ውስጥ ቀለም የለም። ማለቴ ቀይ ነገር የለውም፣ አረንጓዴ ነገር የለውም፣ ሲሊካ ነው በቃ፣ አሸዋና መስታወት የተሠሩበት ነገር እና ትንሽ ውሃ። ያን ሁሉ እሳት ሚያሳየውን ድንጋይ ፈጭታችሁ ዱቄት ብታደርጉት ነጭ ዱቄት ነው ሚቀራችሁ። ቀለሙን ሚያመጣው አደራደሩ ነው። በፈረንጆቹ 1964 አውስትራሊያ ውስጥ የነሱን ኦፓል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት የታያቸው የሲሊካ ጥቃቅን ኳሶች ገበያ ላይ እንደተከመረ ብርቱካን አንዱ በአንዱ ስርጉድ ላይ እየተቀመጠ፣ ንጣፍ በንጣፍ፣ ምንም ሳይዛነፍ ተደርድረው ነው። የአንዷ ኳስ ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ምናምን ነው፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ላይ መቶዎቹ ይሰለፋሉ። የኛ የወሎው የውስጥ ሥሪቱ ከአውስትራሊያው ይለያል፣ ኦፓል ሲቲ ነው ሚሉት፣ ግን ቀለሙን ሚያወጣበት መንገድ ያው ነው።

ብርሃን ከላይ ሲገባ ከእያንዳንዱ ንጣፍ ትንሽ ትንሽ ይመለሳል። አንዱ ንጣፍ ብቻውን ሚመልሰው እዚህ ግባ ሚባል አይደለም። ግን በንጣፎቹ መሃል ያለው ርቀት ከአንድ ቀለም የሞገድ ርዝመት ጋር ከገጠመ ከብዙ ንጣፍ የተመለሰው ሁሉ እኩል እየረገጠ ይወጣና ይደማመራል፣ ያ ቀለም ወደፊት መሄጃ ያጣል፣ ተመልሶ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል፣ ያልገጠመው ቀለም ደሞ ምንም እንዳልተፈጠረ አልፎ ይሄዳል። ይሄ ነው ፎቶኒክ ክሪስታል ማለት። ሂሳብ ለምትወዱ፦ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሲገባ ሚመለሰው የሞገድ ርዝመት በንጣፎቹ መሃል ያለው ርቀት ሲባዛ በ2 ሲባዛ በአማካይ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ (ብርሃን ውስጡ ምን ያህል እንደሚዘገይ ሚናገር ቁጥር) ነው። ርቀቱ የኳሷ ስፋት 0.82 ገደማ ነው፣ በኳሶቹ መሃል አየር ካለ ኢንዴክሱ 1.35 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ 200 ናኖሜትር ኳስ 440 አካባቢ ሰማያዊ፣ 250 ኳስ 550 አካባቢ አረንጓዴ፣ 300 ኳስ 660 አካባቢ ቀይ። ቀይ ያለው ድንጋይ ለምን ይወደዳል ብላችሁ ከሆነ መልሱ እዚሁ ነው፣ ትላልቅ ኳሶች እኩል ሆነው አድገው ሳይዛነፉ መደርደር አለባቸው፣ ያ ደሞ ቶሎ አይገኝም። በዛ ላይ ቀይ ማሳየት ሚችል ድንጋይ ሲያዘነብሉት አረንጓዴውንም ሰማያዊውንም ያሳያል፣ ሰማያዊ ብቻ ያለው ግን ወደ ቀይ ሚመለስበት መንገድ የለውም።

ይሄ ነገር ራሱን የቻለ ጥናት የሆነው ከ1987 ወዲህ ነው። ያብሎኖቪች እና ጆን ሚባሉ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ጆርናል ላይ፣ ብርሃንን በሥርዓት በተደረደረ ነገር ማገድ ይቻላል ብለው ጻፉ። ሃሳቡ ከሴሚኮንዳክተር (የኮምፒውተር ቺፕ ሚሠራበት ነገር) ጋር አንድ ነው፣ ሲሊኮን ውስጥ አተሞቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ ኤሌክትሮን መያዝ ማይችለው የኢነርጂ ክልል አለ፣ ባንድ ጋፕ ሚባለው፣ እዚህ ደሞ ለብርሃን ባንድ ጋፕ አለው ማለት ነው፣ የተወሰነ ሞገድ በዚህ በኩል አይለፍ ተብሎ ተከልክሏል። ግን የኦፓል ክልከላው ሙሉ አይደለም። በዚህ አቅጣጫ ቀዩን ይከለክላል፣ ትንሽ ዞር ስትሉ ቀዩን ለቆ አረንጓዴውን ይከለክላል፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የቀለም ሽሽት ይሄው ነው። ለሳይንቲስቶቹ ይሄ ጉድለት ነው፣ እነሱ ሚፈልጉት ሞገዱ ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ማያልፍበትን ነው፣ ለዛ ደሞ የሲሊካ 1.45 ኢንዴክስ ከአየሩ 1 ጋር ያለው ልዩነት አይበቃም። ያብሎኖቪች በ1991 ኢንዴክሱ 3.6 አካባቢ የሆነ ነገር ወስዶ በሦስት አቅጣጫ ቀዳዳ እየበሳ ነው ማይክሮዌቭን ከሁሉም አቅጣጫ የከለከለው፣ በ2000 ደሞ ሰው ሠራሽ ኦፓል ሠርተው ክፍተቱን በሲሊኮን ሞልተው ሲሊካውን አጥበው አወጡት፣ የኦፓሉ ግልባጭ ቀረ፣ እሱ 1.5 ማይክሮሜትር አካባቢ ሙሉ ክልከላ አለው፣ ኢንተርኔት በፋይበር ሚሄድበት ሞገድ ማለት ነው። ክልከላው ውስጥ ሆን ብለህ አንድ መስመር ካዛነፍክ ብርሃኑ ሌላ መሄጃ ስለሌለው በዛች መስመር ብቻ ይሄዳል፣ ቀጥ ባለ ማዕዘን እንኳ ብትጠመዝዘው ይታጠፋል። ለእህቴ ቀለበት ግን ጉድለቱ ነው ጌጡ፣ ሙሉ ክልከላ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ቀለም ነበር ሚያሳየው፣ ማን ይገዛዋል።

እስስትም ያው ናት በነገራችን ላይ። በ2015 የወጣ ጥናት የማዳጋስካር እስስት ቆዳዋ ውስጥ ጓኒን ከሚባል ነገር የተሠሩ የተደረደሩ ክሪስታሎች እንዳሏት፣ ስትቆጣ መሃላቸው ያለውን ርቀት እያሰፋች ቀለሟን ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ምትቀይረው በሱ እንደሆነ አሳይቷል። ርቀቱ ሲሰፋ ቀለሙ ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ያው ሂሳብ ነው።

እሺ ቅሬታው። አንደኛ መብራቱ። ሳጥኑ ላይ ያለችው ኤልኢዲ ብርሃኗ ከአንዲት ነጥብ ነው ሚመጣው፣ ከአንድ አቅጣጫ የገባ ብርሃን እያንዳንዱ ቀለም የራሱን አቅጣጫ ይዞ ስለሚወጣ ድንጋዩ እሳት ይሆናል፣ መናኛውም ጭምር። ደሴን ታውቋታላችሁ፣ ጦሳ ተራራ ጉሙን ከለበሰ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው ሚመጣው፣ የዚህኛው አቅጣጫ ቀይ ከዛኛው አቅጣጫ አረንጓዴ ጋር ይቀላቀልና ድንጋዩ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያበደው ድንጋይ ውጪ ወጥቶ ወተት ሆኖ ሊያገኛችሁ ይችላል፣ ማንም አልዋሸም ግን ያው ተታላችኋል። እማማን «ደጅ ይዤ ወጥቼ ልየው» ስላቸው ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ፣ «እዚሁ አይታይም እንዴ ልጄ» አሉ፣ በኋላ ልጁን አስከትለው ፈቀዱልኝ። ደጅ ጉም ነበር፣ ሳጥኑ ውስጥ አብረው ሲያበሩ ከነበሩት ሦስት ድንጋዮች አንዱ ብቻ ቀለሙን ይዞ ቀረ። እሱን ነው የገዛሁት። ጉም ውስጥ ሚያበራ ድንጋይ የትም ያበራል። ቬልቬቱም እንደዛው ነው፣ ጥቁር ጨርቅ አልፎ የሄደውን ብርሃን ሁሉ ስለሚውጠው የተመለሰው ቀለም ብቻውን ደምቆ ይታያል፣ ቀለበት ላይ ግን ከስር ያለው ቆዳችሁ ነው፣ አንስታችሁ መዳፋችሁ ላይ አርጋችሁ እዩት።

ሁለተኛው የውሃ ብርጭቆው፣ ከመብራቱም ይበልጥ ኮከቧን ያስቀነሳት ይሄ ነው። ያልተሞረደውን ጥሬ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ነክረው ነው ሚያሳዩት፣ ምክንያቱም ጥሬው ላዩ ሻካራ ስለሆነ ደረቁን ምንም አይታይበትም፣ እስከዚህ ልክ ናቸው። ችግሩ የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው፣ ምላሳችሁ ላይ ብታስቀምጡት ይጣበቃል። ውሃው የአየሩን ቦታ ሲይዝ በሲሊካውና በክፍተቱ መሃል ያለው የኢንዴክስ ልዩነት ይጠባል፣ ቅድም 1.45 ከ1 ጋር ነበር አሁን 1.45 ከ1.33 ጋር ሆነ፣ ስለዚህ ወተት የነበረው ድንጋይ መስታወት ይሆናል፣ አንዳንዱ ቀለሙ እንዳለ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ደሞ ነጩ ሲለቀው የውስጡ እሳት ይበልጥ ይታያል። ሁለቱም ሲደርቁ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፣ ቀን ሊፈጅ ይችላል ግን ይመለሳሉ። እና የነከረውን ብቻ አይታችሁ ከገዛችሁ ቤት ሚደርሰው ሌላ ድንጋይ ነው። በዛ ላይ ጥሬው ሚሸጠው በግራም ነው፣ ውሃ የጠጣ ድንጋይ ደሞ ይከብዳል፣ ለውሃው ራሱ ከፈላችሁ ማለት ነው። አንድ ሰውዬ ከብርጭቆው እያወጡ ቀጥታ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡለት ዝም ብሎ ከፈለ፣ እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ «እማማ ይድረቅ እንጂ» አልኩ፣ ልጁ ከመጋረጃ ጀርባ ሳቀ፣ እሳቸው ግን «አንተ ደሞ የማን ጠበቃ ነህ» ብለው ቡና ጨመሩልኝ። ጥሬ ምትገዙ ደረቁን አስመዝኑ፣ እምቢ ካሉ ተዉት።

ፎርጅድን በተመለከተ እዚህ ሱቅ አላየሁም፣ ለሌላ ቦታ ይጠቅማችኋል። ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ፕላስቲክ እና መስታወት በማዘንበል ይታወቃል፣ ብልጭታው ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ በሥርዓት አይሸሽም። ላብራቶሪ የተሠራ ኦፓል ግን ይህን ፈተና ያልፋል፣ እሱም እውነተኛ የተደረደረ ሲሊካ ነው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። እሱን በሉፕ (ጌጥ ሠሪዎች ሚይዙት ትንሽ ማጉያ መነጽር) ነው ምትይዙት፣ እያንዳንዱ የቀለም ቁራጭ ውስጥ እንደ እንሽላሊት ቆዳ ያለ ጥቃቅን ቅርፊት ይታያል፣ ከጎን ስታዩት ደሞ ቀለሙ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ዓምድ ነው። የተፈጥሮው ላይ ግን ኳሶቹ በአንድ ሰፈር እንዲህ በሌላ ሰፈር እንዲያ ዞረው ስለተደረደሩ ቁራጮቹ እኩል አይደሉም። ጥቁር ኦፓል ከወሎ ነው ብለው ሲያሳዩዋችሁ ደሞ ጠርጥሩ፣ አብዛኛው ነጩን በጭስ ወይ በቀለም ያጠቆሩት ነው፣ ውሃ ሚጠጣ ድንጋይ ጭስም ቀለምም ይጠጣላ። እማማ ሁለት እንደዛ ዓይነት አሏቸው፣ ሳልጠይቅ «ይሄ የተጨሰ ነው፣ ዋጋውም ለዛ ነው» አሉ፣ እዚህ ጋ ባርኔጣዬን አንስቻለሁ።

አሁን ልጁን ላመስግን። ጥሬውን ከመቁረጡ በፊት በመብራት ስር እያገላበጠ በጣም ረጅም ሰዓት ያየዋል፣ ምን ትፈልጋለህ ስለው «ፊቱን ነዋ ጋሼ፣ ፊቱን ሳታገኝ ከቆረጥከው እሳቱ ወደ ጎን ይቀራል» አለኝ። ንጣፎቹ ወደየት እንደተኙ እየፈለገ ነው እኮ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ ሲታይ ትልቁን የሞገድ ርዝመት እንዲመልስ፣ ቀዩ ወደ ሰማይ እንዲያይ። ማንም ያላስተማረው ነገር ነው፣ ክሪስታል ሚያጠኑ ሰዎች በኤክስሬይ ሚሠሩትን እሱ በዓይኑ ይሠራዋል። ከዛ እንጨት ጫፍ ላይ በሰም ይለጥፈዋል፣ እየሞረደ ውሃ ይንጠባጠብለታል፣ በሞረደ ቁጥር ቆም ብሎ መብራት ላይ ያዞረዋል፣ ምክንያቱም አንድ የቀለም ሰፈር ጨርሶ ሊሞረድ ይችላል ከስሩ ደሞ ሌላ ሊወጣ ይችላል። የእህቴን ድንጋይ ጀርባዋን ትንሽ አስተካክልልኝ ብዬው በነፃ ሠራልኝ። የዚህች ሱቅ ሀብት ይሄ ልጅ ነው፣ እማማ እንዳያስቀይሙት።

ዋጋ፦ 3,500 ብር ጠሩ፣ 2,800 ላይ ተስማማን። ጉም ውስጥ ቀይ ለሚያሳይ ድንጋይ ርካሽ ነው ባይ ነኝ፣ አዲስ አበባ ቦሌ በዚህ አይታሰብም። ደረሰኝ የላቸውም፣ ጽፈውልኝ ነው የሰጡኝ። አርብ በሰላት ሰዓት ይዘጋሉ፣ ጠዋት ሂዱ የቀን ብርሃን እያለ፣ ከሰዓት መብራት ከጠፋ ደሞ እድለኛ ናችሁ፣ በኤልኢዲዋ አትሸወዱም።

ከገዛችሁ በኋላ፦ ቅቤ፣ ሂና፣ እንሶስላ፣ ሽቶ፣ የፀጉር ቅባት ሲኖር ቀለበቱን አውልቁ። ውሃ ቢጠጣ ይደርቃል፣ ቅባትና ቀለም ከጠጣ ግን በቀላሉ አይለቅም፣ ሰርግ ላይ እንሶስላ ሞቃ ኦፓሏን ቢጫ ያረገች ዘመድ አለችኝ። ውሃ ውስጥ ስለወደቀ ደንግጣችሁ ፀሐይ ላይ ወይ ምድጃ ዳር እንዳታደርቁት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ጨርቅ ላይ አርጋችሁ ተዉት። ብር አንጥረኛው ጋ ስትወስዱት ደሞ መጀመሪያ ቀለበቱን በይዶ ጨርሶ፣ ብረቱ ጭራሽ ከቀዘቀዘ በኋላ ድንጋዩን እንዲያስገባ ንገሩት፣ «አውቃለሁ» ቢላችሁም ድጋሚ ንገሩት።